የመጀመሪያው ዓመት ዝቅተኛ ውጤትና የሐኪምነት ተስፋ

በአሜሪካ ለሕክምና ትምህርት ስለሚዘጋጁ ተማሪዎች የቀረበ ማብራሪያ

መግቢያ

ባለፈው ክረምት፣ በአሜሪካ አገር በሜሪላንድ የምትኖረው የአክስታችን ልጅ አንድ ጥያቄ ላከችልን። ሐኪም ለመሆን አስባ ኮሌጅ ከገባች አንድ ዓመት ሆኗት ነበር። በዚያ ዓመት 30 ክሬዲት ተምራ ያገኘችው አማካይ ውጤት 2.4 ሲሆን፣ በጠቅላላ ኬሚስትሪ ዲ አግኝታለች። «ለእናቴ እስካሁን አልነገርኳትም። ትምህርቱን ልለውጥ ወይስ ልቀጥል? እውነቱን ንገረኝ» ትላለች።

እኛም ወዲያውኑ «አይዞሽ» ብለን ለመመለስ ቸኩለን ነበር። ነገር ግን «አይዞሽ» የሚለው ቃል እውነት ሲሆን ያጽናናል፤ እውነት ካልሆነ ግን የሰውን ዓመታት ያባክናል። ስለዚህ ከመመለሳችን በፊት ነገሩን መመርመር ይገባናል ብለን፣ በዚያ አገር ለሕክምና የሚዘጋጅ ተማሪ ውጤቱ እንዴት እንደሚቆጠር፣ የወደቀውስ በምን መንገድ እንደሚነሣ ስንጠይቅና ስናሰላ ሰነበትን። ይህ ጽሑፍ የዚያ ምርመራ ፍሬ ነው። በዚህ ኮሌጅም ከመጀመሪያው ሴሜስተር በኋላ ወረቀታቸውን አጥፈው ኪሳቸው የሚከቱ ጓደኞች ስላሉን፣ ለአንባቢያን ይጠቅማል ብለን እናምናለን።

ከምርመራው የተረዳነው ነገር ባጭሩ ይህ ነው፦ የመጀመሪያው ዓመት ዝቅተኛ ውጤት እንደ ዕዳ የሚታይ ነው። ዕዳ አይፋቅም፤ ቢደብቁትም አይጠፋም። መጠኑን አውቆ፣ ያመጣውንም ምክንያት ለይቶ የሚከፍለው ሰው ግን ሊወጣው ይችላል።

የሕክምና ዝግጅት ማለት ምን ማለት ነው?

በአሜሪካ የሕክምና ትምህርት የሚጀመረው ብዙውን ጊዜ አራት ዓመት የሚፈጀው የመጀመሪያ ዲግሪ ካለቀ በኋላ ነው። የሕክምናው ትምህርት ራሱ ሌላ አራት ዓመት ይወስዳል፤ ከዚያም በሆስፒታል የሚደረገው የሙያ ሥልጠና ይከተላል። ይህ ሥርዐት የቆየ ነው። የጆንስ ሆፕኪንስ የሕክምና ትምህርት ቤት እ.ኤ.አ. በ1893 ሲከፈት፣ የሚገቡት ተማሪዎች አስቀድሞ ዲግሪ እንዲኖራቸው ጠየቀ። እ.ኤ.አ. በ1910 አብርሃም ፍሌክስነር ስለ አሜሪካና ስለ ካናዳ የሕክምና ትምህርት ቤቶች ባወጡት የታወቀ ዘገባ ይህንኑ ትምህርት ቤት ለሌሎቹ አርአያ አድርገው አቀረቡት።

እንግዲህ «ፕሪሜድ» የሚባለው ተማሪ የሚማረው በአንድ ልዩ የትምህርት ክፍል ውስጥ አይደለም። ዋና ትምህርቱ ባዮሎጂ ሊሆን ይችላል፤ ታሪክም ሊሆን ይችላል። ከዚያ ጋር አብዛኞቹ የሕክምና ትምህርት ቤቶች የሚፈልጓቸውን ትምህርቶች፣ ማለትም ባዮሎጂን፣ ጠቅላላ ኬሚስትሪን፣ ኦርጋኒክ ኬሚስትሪን፣ ፊዚክስንና ባዮኬሚስትሪን ከነላቦራቶሪያቸው አጠናቆ ኤምካት የተባለውን የመግቢያ ፈተና ይፈተናል።

ውድድሩ ከባድ ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 የሕክምና ትምህርት ለመጀመር በአሜሪካ የሕክምና ኮሌጆች ማኅበር በኩል ያመለከቱት ከ52 ሺህ በላይ ሲሆኑ፣ የገቡት 23 ሺህ ያህል ናቸው። የገቡትም ተማሪዎች አማካይ ውጤት ወደ 3.8 የተጠጋ ነው። 2.4 ከዚህ እጅግ የራቀ መሆኑን መሸሸግ አይገባም። ሆኖም አማካይ ማለት ከእርሱ በላይም ከእርሱ በታችም ሰዎች አሉ ማለት መሆኑን፣ የመጀመሪያው ዓመትም ከአራቱ አንዱ ብቻ መሆኑን ማስታወስ ያስፈልጋል።

ውጤቱን የሚቆጥረው ማን ነው?

እዚህ ላይ ብዙ ተማሪዎች የሚሳሳቱበት ነገር አለ። ብዙ ኮሌጆች አንድ ተማሪ የወደቀበትን ትምህርት ደግሞ ሲወስድ አሮጌውን ማርክ ከአማካዩ አውጥተው አዲሱን ይተካሉ። ስለዚህ ተማሪው ሬጂስትራር የሚሰጠውን ወረቀት አይቶ ዕዳው የተፋቀ ይመስለዋል። የሕክምና ትምህርት ቤቶች የሚያዩት ግን ይህን አማካይ አይደለም። ማኅበሩ ያቋቋመው አምካስ የተባለው የማመልከቻ አገልግሎት፣ ተማሪው በተማረባቸው ኮሌጆች ሁሉ ያገኘውን ማርክ አንድ በአንድ ሰብስቦ በራሱ ደንብ እንደገና ያሰላዋል። በዚህ ደንብ መሠረት ትምህርቱ ሁለት ጊዜ ከተወሰደ ሁለቱም ማርኮች ይቆጠራሉ።

ኦስቲዮፓቲ በሚባለው ዘርፍ ሐኪሞችን የሚያሠለጥኑት ትምህርት ቤቶች የሚጠቀሙበት ሌላው አገልግሎት እስከ እ.ኤ.አ. 2017 ድረስ አሮጌውን ማርክ በአዲሱ ይተካ ነበር። ከዚያ ወዲህ ግን እርሱም ሁለቱን ይቆጥራል። ስለዚህ ከዚያ በፊት የተጻፈ ምክር ዛሬ ሊያሳስት ይችላል።

አምካስ የሚያወጣው ቁጥር አንድ ብቻ አይደለም። የባዮሎጂ፣ የኬሚስትሪ፣ የፊዚክስና የማቲማቲክስ ውጤቶች ለብቻቸው ይሰላሉ። ከዚህም ሌላ ውጤቱ በየዓመቱ ተከፋፍሎ፣ የአንደኛው፣ የሁለተኛው፣ የሦስተኛውና የአራተኛው ዓመት እየተባለ በተለያየ መስመር ይጻፋል። ከዲግሪ በኋላ የተወሰዱ የመጀመሪያ ዲግሪ ደረጃ ትምህርቶችም የራሳቸው መስመር አላቸው። እንግዲህ የመጀመሪያውን ዓመት ድካም የሚያሳየው ሠንጠረዥ፣ ከዚያ በኋላ የመጣውንም መነሣት ያሳያል። አንድ ቁጥር ብቻ ቢሆን ኖሮ 2.4 ጀምሮ 3.9 የጨረሰውና ከዓመት ዓመት በመካከለኛ ውጤት የቆየው ተማሪ አይለዩም ነበር።

የሒሳቡ ነገር

ሒሳቡ ቀላል ስለሆነ ማንም በወረቀት ሊሠራው ይችላል። ማርኩ በክሬዲቱ ይባዛል፤ ድምሩም ለጠቅላላው ክሬዲት ይካፈላል። በ30 ክሬዲት 2.4 ያገኘ ተማሪ 72 ነጥብ ይዟል። ከዚህ ተነሥተን የሚከተሉትን አሰላን።

1ኛ. ተማሪው በሁለተኛውና በሦስተኛው ዓመት በ60 ክሬዲት 3.8 ቢያገኝ 228 ነጥብ ይጨምራል። ድምሩ 300 ሲሆን ለ90 ክሬዲት ሲካፈል 3.33 ይሆናል።

2ኛ. በአራተኛውም ዓመት በ3.8 ቢቀጥልና ማመልከቻውን ዲግሪውን ከጨረሰ በኋላ ቢያስገባ 414 ነጥብ በ120 ክሬዲት ይኖረዋል። ይህም 3.45 ነው።

3ኛ. ከዲግሪው በኋላ አንድ ዓመት ጨምሮ በ30 ክሬዲት 3.9 ቢያገኝ ድምሩ 531 ነጥብ በ150 ክሬዲት፣ ማለትም 3.54 ይሆናል።

4ኛ. ነገር ግን ሁለተኛውም ዓመት እንደ አንደኛው 2.4 ቢሆንና የመጨረሻዎቹን ሁለት ዓመታት በ3.8 ቢጨርስ፣ 372 ነጥብ በ120 ክሬዲት ይዞ በ3.10 ይቀራል።

ከ2ኛውና ከ4ኛው መካከል ያለው ልዩነት አንድ ዓመት ብቻ ነው፤ እርሱም ተማሪው «አዲሱ ዓመት ሲመጣ እበረታለሁ» እያለ ምንም ሳይለውጥ ያሳለፈው ዓመት ነው። አባቶች «ሳይደርቅ በርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ» የሚሉት እዚህ ላይ በቁጥር ይታያል። ደግሞም ከአንደኛው ዓመት በኋላ በሁሉም ትምህርት ኤ ያገኘ ሰው እንኳ በ120 ክሬዲት ከ3.6 አያልፍም። ስለዚህ «3.8 ካልደረስኩ» ብሎ የሚጨነቅ ተማሪ የማይደረስበትን እያሰበ የሚደረስበትን እንዳያጣው ያሰጋል።

ትምህርት ስለ መድገምም እንዲሁ ማስላት ይገባል። ባለ 4 ክሬዲት ትምህርት በሲ ያለፈ ተማሪ ያንኑ ደግሞ ኤ ቢያገኝ፣ በአምካስ ሒሳብ 24 ነጥብ በ8 ክሬዲት፣ ማለትም 3.0 ይሆንለታል። ሳይደግመው ሌላ ባለ 4 ክሬዲት የሳይንስ ትምህርት ወስዶ ኤ ቢያገኝም ውጤቱ ያው 3.0 ነው፤ በተጨማሪም አዲስ ትምህርት ተምሯል። ዲ ወይም ኤፍ ያገኘ ግን መድገም አለበት። አብዛኞቹ የሕክምና ትምህርት ቤቶች ለሚፈልጓቸው ትምህርቶች ቢያንስ ሲ ስለሚጠይቁ፣ የሚቀጥለውም ኬሚስትሪ በዚያ መሠረት ላይ ስለሚቆም ነው።

ውጤቱ ለምን ይወድቃል?

ሒሳቡ የዕዳውን መጠን ቢነግረንም ምክንያቱን አይነግረንም። ምክንያቱ ካልታወቀ ደግሞ የሚመጣው ሴሜስተር ያለፈውን ይመስላል።

የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲው ዶናልድ ባርና የሥራ ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2008 ባወጡት ጥናት፣ ሐኪም ለመሆን አስበው የገቡ ተማሪዎች በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ሐሳባቸውን የሚተዉት ለምን እንደሆነ ጠይቀው ነበር። ከሌሎች ይልቅ የሚተዉት ሴቶችና በሕክምና ሙያ ቁጥራቸው አነስተኛ ከሆነ ወገኖች የመጡ ተማሪዎች ሲሆኑ፣ ከሁሉ በላይ እንደ ምክንያት የተጠቀሰው የኬሚስትሪ ትምህርት ነው። እንግዲህ የአክስታችን ልጅ በአንድ ማርክ ምክንያት ተስፋ ልትቆርጥ መድረሷ የእርሷ ብቻ ድክመት አልነበረም።

ከዚህ የበለጠ ትምህርት ያገኘነው ዩሪ ትራይስማን በበርክሌይ በሚገኘው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ካደረጉት ምርመራ ነው። ጥቁር አሜሪካውያን ተማሪዎች በካልኩለስ የሚወድቁት፣ ቻይናውያን አሜሪካውያን ደግሞ በደንብ የሚያልፉት ስለምን ነው ብለው ከየወገኑ 20 ተማሪዎችን መርጠው የአጠናን ልማዳቸውን በቅርብ ተከታተሉ። አስተማሪዎች አስቀድመው የገመቱት ምክንያት ስንፍና፣ የዝግጅት ጉድለት ወይም የቤተሰብ ግድየለሽነት ነበር። የታየው ግን ሌላ ነው። ጥቁሮቹ ተማሪዎች የታዘዙትን ያህል ያጠኑ ነበር፤ ነገር ግን የሚያጠኑት ለብቻቸው ነው። ቻይናውያኑ መጀመሪያ ለብቻቸው ሠርተው በኋላ ይሰበሰባሉ፤ መልሳቸውን ያስተያያሉ፤ አንዱ የሌላውን ስሕተት ያርማል። ሁሉም የተሳሳቱበት ጥያቄ ከሆነ ጥያቄው ከባድ እንደሆነ ያውቃሉ። ለብቻው የሚያጠናው ግን ሲሳሳት የከበደው ጥያቄው ይሁን የደከመው እርሱ የሚያውቅበት መንገድ የለውም። ትራይስማን ከዚህ በኋላ ተማሪዎች በቡድን ሆነው ከባድ ጥያቄዎችን የሚሠሩበትን ትምህርት አቋቋሙ፤ የተሳተፉትም ተማሪዎች ውጤት እጅግ ተሻሻለ። ይህንንም እ.ኤ.አ. በ1992 በጽሑፍ አውጥተውታል።

የአጠናን ለውጥ

ሁለተኛው ምክንያት ማንበብን ማወቅ አድርጎ መቁጠር ነው። እኛ ራሳችን በተማርንበት የሚሲዮን አዳሪ ትምህርት ቤት የማታው ጥናት በደወል ተጀምሮ በደወል የሚያልቅ፣ በዝምታ የሚነበብበት ሰዓት ነበር። ኮሌጅ ከገባን በኋላ የኬሚስትሪውን ደብተር በዚሁ ልማድ ሦስት ጊዜ አንብበን ፈተና ገባን። ገጹ በዐይናችን ላይ ይታየን ነበር፤ ጥያቄው ግን ገጹን አልጠየቀንም። ያገኘነው ሲ ነው።

በሴንት ሉዊስ ዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ሮዲገርና ካርፒኪ የተባሉ ሁለት ሊቃውንት እ.ኤ.አ. በ2006 ያወጡት ጥናት ይህን በግልጽ ያስረዳል። አንደኛው ቡድን አጭር ጽሑፍ ሁለት ጊዜ አነበበ። ሌላው አንድ ጊዜ አንብቦ ወረቀቱን ከድኖ የሚያስታውሰውን ጻፈ። ከ5 ደቂቃ በኋላ ሲፈተኑ ሁለት ጊዜ ያነበቡት 81 ከመቶ፣ የጻፉት 75 ከመቶ አስታወሱ። ከአንድ ሳምንት በኋላ ግን ሁለት ጊዜ ያነበቡት ወደ 42 ሲወርዱ የጻፉት 56 ላይ ቆዩ። ደጋግሞ ማንበብ ለዛሬ ማታ ይበጃል፤ ፈተናው ግን ዛሬ ማታ አይደለም።

ይህ ዐሳብ ለአገራችን እንግዳ አይደለም። በቤተ ክህነት ትምህርት ቤት ተማሪው ትምህርቱን ከመምህሩ ፊት ቀርቦ በቃሉ ያሰማል፤ ከፍ ያለው ተማሪም ዝቅ ያለውን ያስቀጽላል። መጽሐፉን ዘግቶ ማሰማትና ለሌላው ማስረዳት በአንድነት የሚገኙበት ልማድ ነው። እኛ ዘመናዊ ትምህርት ቤት ስንገባ በቃል መሸምደዱን ይዘን፣ ማሰማቱንና ማስረዳቱን ጥለነው መጣን።

ከዚህ ተነሥተን ለአክስታችን ልጅ የላክንላት ምክር ሦስት ነገር ነው። አንደኛ፣ ከእያንዳንዱ ሌክቸር በኋላ በዚያው ቀን ደብተሩን ዘግታ የተማረችውን በባዶ ወረቀት ላይ እንድትጽፍ፣ ከሦስት ቀንና ከሳምንት በኋላም እንድትደግመው። ሁለተኛ፣ የተሠሩ ጥያቄዎችን መልሳቸውን እየተመለከተች ከማንበብ ይልቅ መልሱን ሸፍና እንድትሠራቸው፣ በሳምንት ሁለት ጊዜም ከጓደኞቿ ጋር እንድታስተያይ። ሦስተኛ፣ የወደቀችባቸውን የፈተና ወረቀቶች አውጥታ እያንዳንዱን ስሕተት ከአራት ክፍል በአንዱ እንድትመድበው፦ ጨርሶ ያላወቀችው፣ አውቃው የረሳችው፣ አስታውሳው ሥራ ላይ ማዋል ያቃታትና በችኮላ የሳተችው። እርሷም ስትቆጥረው ከግማሽ በላይ የሚሆነው በሦስተኛው ክፍል ወደቀ። ትርጓሜውን ታውቃለች፤ ጥያቄው መልኩን ሲለውጥ ግን ይጠፋባታል። ይህ የአእምሮ ማነስ ሳይሆን የልምምድ ማነስ ምልክት ነው።

ስለ ሥራና ስለ ጊዜ

የአጠናን ዘዴ ቢስተካከልም ጊዜ ከሌለ ዋጋ የለውም። የአክስታችን ልጅ በመጀመሪያው ዓመት በአንድ የአረጋውያን መንከባከቢያ ቤት በሳምንት 30 ሰዓት፣ ያውም ሌሊት ሌሊት ትሠራ ነበር። በሴሜስተር 15 ክሬዲት የሚማር ሰው 15 ሰዓት ያህል ክፍል ይቀመጣል፤ ለአንድ ሰዓት ትምህርት ሁለት ሰዓት ጥናት የሚለውን የተለመደ ምክር ከተከተለ 30 ሰዓት ያጠናል። በዚህ ላይ 30 ሰዓት ሥራ ሲጨመር 75 ሰዓት ይሆናል። በወረቀት ላይ ይቻላል፤ ሌሊቱን ቆሞ ላደረ ሰው ግን አይቻልም።

ለምን ይህን ያህል እንደምትሠራ እናውቃለን። ከደመወዟ ለአያታችን ትልካለች፤ ከዚያም ላይ የእኛም የመጽሐፍ መግዣ ይገኝ ነበር። ስለዚህ «የሥራ ሰዓትሽን ቀንሺ» ብለን ስንጽፍላት ለራሳችንም የሚቀርብን ነገር እንዳለ እያወቅን ነው። ይህን የምናነሣው በውጭ አገር የሚማሩ የብዙ ኢትዮጵያውያን ተማሪዎች ማርክ ሲታይ፣ ከጀርባው እዚህ ያለነውም እንዳለን እንዲታወቅ ነው። የሚረዳ ሰው መጀመሪያ እንዲቆም መፍቀድ የእኛ ድርሻ ነው።

የትምህርቱንም ጭነት መቀነስ ይቻላል፤ ነገር ግን ወሰን አለው። የመንግሥት የገንዘብ እርዳታ የሚያገኝ ተማሪ እንደ ሙሉ ጊዜ ተማሪ ለመቆጠር ብዙውን ጊዜ በሴሜስተር ቢያንስ 12 ክሬዲት መያዝ አለበት። ከጀመረውም ክሬዲት 67 ከመቶ ያህሉን ማጠናቀቅ ይጠበቅበታል። ትምህርት አቋርጦ መውጣት አማካዩን አያወርድም፤ ግን በመዝገቡ ላይ ይታያል፣ ከዚህም 67 ከመቶ ላይ ይጎድላል። ስለዚህ አንድ ጊዜ፣ በበቂ ምክንያት ማቋረጥ መድኀኒት ሊሆን ይችላል፤ ልማድ ሲሆን ግን ሌላ በሽታ ነው።

ስለ ፈተናውና ስለ ማመልከቻው ጊዜ

ኤምካት አራት ክፍሎች ሲኖሩት ጠቅላላ ውጤቱ ከ472 እስከ 528 ይደርሳል፤ መካከሉ 500 ነው። የሚገቡት ተማሪዎች አማካይ ከ511 በላይ ነው። ማኅበሩ በየጊዜው የሚያወጣው ሠንጠረዥ እንደሚያሳየው፣ ከፍ ያለ የኤምካት ውጤት ለዝቅተኛ አማካይ በከፊል ይክሳል፤ ሙሉ በሙሉ ግን አይተካውም። ስለዚህ መጀመሪያው ዓመት የደከመ ተማሪ ይህን ፈተና ከሌሎች ይልቅ በጥንቃቄ ሊይዘው ይገባል። ፈተናውን በአንድ ዓመት ከ3 ጊዜ፣ በሁለት ተከታታይ ዓመታት ከ4 ጊዜ፣ በዕድሜ ዘመንም ከ7 ጊዜ በላይ መፈተን አይፈቀድም። የተፈተነውም ውጤት ሁሉ ስለሚታይ «ለሙከራ» ተብሎ የሚገባበት ፈተና አይደለም።

ማመልከቻውንም ማዘግየት ብዙ ጊዜ ይጠቅማል። ከላይ በ1ኛውና በ2ኛው ሒሳብ እንደታየው፣ አንድ ዓመት መቆየት 3.33ን ወደ 3.45 ያደርሰዋል። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ እንደሚባለው፣ ሳይዘጋጅ ያመለከተ ሰው ገንዘቡንም ልቡንም ጨርሶ ዳግመኛ ያመለክታል። ከዲግሪ በኋላ ለሕክምና በሚያዘጋጁ ልዩ የማስተርስ ትምህርቶች የሚገቡም አሉ። እነዚህ ዋጋቸው እጅግ ውድ ነው፤ ማርካቸውም ከመጀመሪያው ዲግሪ አማካይ ተለይቶ ስለሚሰላ አሮጌውን ቁጥር ከፍ አያደርገውም። የሚያሳዩት ተማሪው ከባድ የሳይንስ ትምህርት መሸከም መቻሉን ነው። በዚያም የወደቀ ሰው ከበፊቱ የባሰ ቦታ ላይ ስለሚገኝ፣ መጨረሻ ላይ እንጂ መጀመሪያ የሚሞከር መንገድ አይደለም።

መተው የሚገባው መቼ ነው?

«እውነቱን ንገረኝ» ስላለችን ይህንንም ጽፈንላታል። አንድ ተማሪ የሥራ ሰዓቱን ቀንሶ፣ ጭነቱን አቅልሎ፣ አጠናኑን ለውጦና ከአማካሪ መምህሩ ጋር ተነጋግሮ ሁለት ሴሜስተር ከሞከረ በኋላ የሳይንስ ውጤቱ ካልተነሣ፣ መንገዱን እንደገና ማሰብ ይገባዋል። ነርስነት፣ የጤና ላቦራቶሪ፣ የሕዝብ ጤና፣ ፋርማሲ የሐኪምነት ፍርፋሪ አይደሉም፤ በሽተኛው የሚድነው በእነዚህ ሁሉ እጅ ነው። ነገር ግን ምንም ሳይለወጥ በመጣ አንድ ዓመት ውጤት ተስፋ መቁረጥ መድኀኒቱን ሳይቀምሱ አልዳንኩም እንደ ማለት ነው። ለውጡ መሞከር አለበት፤ ሙከራውም ጊዜ ሊወሰንለት ይገባል።

ከዚህ ለእኛ ምን ይገኛል?

በአገራችን ነገሩ በአንድ ከፍተኛ ምክንያት ይለያል። ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ የአንደኛው ዓመት የጋራ ትምህርት እንደገና ስለተመለሰ፣ ተማሪው ወደ ትምህርት ክፍሉ የሚመደበው ከዚያ ዓመት በኋላ ነው። በአሜሪካ በአራት ዓመት ተዘርግቶ የሚቆጠረው በእኛ ዘንድ በሁለት ሴሜስተር ይታጨቃል። ስለዚህ አጠናንን መለወጥ ለእኛ ለሁለተኛው ዓመት የሚቆይ ጉዳይ አይደለም፤ የመጀመሪያው የክፍል ፈተና በተመለሰ ማግስት የሚደረግ ነው።

ይሁን እንጂ በዚህም አገር መንገዱ አንድ ብቻ ሆኖ አልኖረም። በ2004 ዓ.ም. በ13 ተቋማት የተጀመረው አዲሱ የሕክምና ትምህርት የሳይንስ ዲግሪ የያዙ ሰዎችን ተቀብሎ ሐኪም ለማድረግ የታሰበ ነበር። ይህም ሐኪም የሚሆነው በ18 ዓመቱ የተመረጠው ብቻ አለመሆኑን ያሳያል።

ለመምህራንም አንድ ነገር በትሕትና ማሳሰብ እንወዳለን። የፈተና ወረቀት ከነእርማቱ ሳይመለስ ሲቀር፣ ተማሪው ስሕተቱን ከአራቱ ክፍሎች በየትኛው እንደሚመድብ አያውቅም። ቁጥሩ ብቻ የተነገረው ተማሪ የሚያገኘው ኀፍረት ብቻ ነው፤ ወረቀቱ የተመለሰለት ግን የሚሠራበት ነገር ያገኛል።

መደምደሚያ

የአክስታችን ልጅ የሥራ ሰዓቷን በሳምንት ወደ 12 አውርዳ፣ በሁለተኛው ዓመት መጀመሪያ ሴሜስተር 13 ክሬዲት ያዘች፤ ኬሚስትሪውንም ደገመች። በኬሚስትሪው ኤ፣ በሴሜስተሩም 3.7 አገኘች። ይሁን እንጂ ደስታዋ ብዙ አልቆየም። ኮሌጁ አሮጌውን ዲ አውጥቶ አማካይሽ 2.98 ነው ሲላት፣ እኛ በአምካስ ደንብ ስናሰላው 120.1 ነጥብ በ43 ክሬዲት፣ ማለትም 2.79 ብቻ ሆነ። «ይህን ሁሉ ለፍቼ?» ብላ ጻፈችልን።

መልሳችን ይህ ነበር። አማካይ እንደ ከባድ ጋሪ ነው፤ ሲገፉት ቀስ ብሎ ይንቀሳቀሳል። የአሁኑን ኀይል የሚያሳየው ግን የሴሜስተሩ መስመር ነው፤ እርሱም 3.7 ይላል። በአንደኛው ዓመት መስመር ላይ 2.4 ለዘላለም ይኖራል፤ ከሥሩ የሚጻፈው ገና አልተጻፈም።

ሐኪም ትሆን እንደሆነ እኛ ልንናገር አንችልም። ለእናቷ ግን ነግራታለች። በሽታውን የደበቀ መድኀኒት የለውም የሚለው ምሳሌ ሐኪም ለመሆን ለምትመኝ ልጅ ሁለት ጊዜ ይገባታል ብለን ጽፈንላት ነበር። አክስታችንም ወረቀቱን አስነብባ ከሰማች በኋላ የጠየቀችው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «አሁን ሌሊት ትተኛለች?» አለች። ከእኛ ሒሳብ ሁሉ በፊት መጠየቅ የነበረበት ይኸው ነበር።